የሞላ ዲስክን በኤልቪኤም እንዴት ማስፋት ይቻላል

ሰርቨር ላይ ቦታ ሲያልቅ የግድ ፋይል መሰረዝ ወይም ሲስተሙን እንደ አዲስ መጫን አያስፈልግም። ዲስኩ ከመጀመሪያው በኤልቪኤም (በሊኑክስ የዲስክ ቦታን አጠራቅሞ የሚያከፋፍል ሥርዓት) ከተዘጋጀ፣ ማሽኑን ሳያጠፉ ቦታ መጨመር ይቻላል።

አሠራሩ ሦስት እርከን አለው። ከታች ያለው ፒቪ ነው፤ ዲስኩ ወይም ፓርቲሽኑ ራሱ ማለት ነው። ከበላዩ ያለው ቪጂ የፒቪዎቹ ቦታ ሁሉ የሚጠራቀምበት ቋት ነው። ከቋቱ ተቆርጦ ፋይል ሲስተም (ፋይሎች የሚደራጁበት ሥርዓት) የሚቀመጥበት ደግሞ ኤልቪ ይባላል። ሲያሰፉ ከታች ወደ ላይ፣ ሲያጠቡ ከላይ ወደ ታች ይሂዱ።

1. ያለውን ይለኩ። «ዲኤፍ -ቲኤች» የሚለው ትእዛዝ (ቲዋ ትልቋ ፊደል ትሁን) የትኛው ክፍል እንደሞላና ፋይል ሲስተሙ ኤክስት4 ይሁን ኤክስኤፍኤስ ያሳያል። «ቪጂኤስ» ብለው ሲጽፉ «ቪፍሪ» የሚለው ዓምድ በቋቱ ውስጥ ያልተመደበውን ቦታ ይነግርዎታል። በቂ ቦታ ካለ በቀጥታ ወደ 3ኛው ይለፉ።

2. አዲሱን ዲስክ ወደ ቋቱ ያስገቡ። በ«ኤልኤስቢኤልኬ» ዲስኩን ይለዩ፤ ኤስዲቢ፣ ኤስዲሲ የሚሉት ስሞች ማሽኑ ተነሥቶ ሲመለስ ሊለዋወጡ ስለሚችሉ መጠኑንና የሴሪያል ቁጥሩንም ያመሳክሩ። ከዚያ «ፒቪክሬት»፣ ቀጥሎም «ቪጂኤክስቴንድ»። ባዶ ነው ባሉት ዲስክ ላይ «ፒቪክሬት» የፋይል ሲስተም ምልክት አግኝቻለሁ፣ ላጥፋው ወይ ብሎ ከጠየቀ እምቢ ይበሉና እንደገና ያጣሩ። እዚህ ላይ በችኮላ እሺ ማለት የሌላ ሰው ዳታ ሊያጠፋ ይችላል።

3. ኤልቪውን ያስፉ። «ኤልቪኤክስቴንድ -አር -ኤል +20ጂ» ብለው የኤልቪውን መንገድ ያስከትሉ፤ ኤሏ ትልቋ ፊደል ትሁን። የመደመር ምልክቱን አይርሱ። ያለ እሱ 20ጂ ማለት ጠቅላላ መጠኑ 20 ጊጋባይት ይሁን ማለት ነው። ኤልቪው ከዚያ በላይ ከሆነ «ኤልቪኤክስቴንድ» ትእዛዙን አይቀበልም፤ «ኤልቪሪሳይዝ» ግን ወደ ማጥበብ ይሄዳል። ለማስፋት ሁልጊዜ የመጀመሪያውን መጠቀም የሚሻለው ለዚህ ነው።

«-አር» ፋይል ሲስተሙን አብሮ ያሰፋል። ከተረሳ «ኤልቪኤስ» አዲሱን መጠን፣ «ዲኤፍ» ግን አሮጌውን ያሳያሉ። ዳታው አልተነካም፤ ለኤክስት4 «ሪሳይዝ2ኤፍኤስ»ን ከኤልቪው መንገድ ጋር፣ ለኤክስኤፍኤስ «ኤክስኤፍኤስ_ግሮውኤፍኤስ»ን ማውንት ከተደረገበት (ከተያያዘበት) ማውጫ ጋር ይጻፉ።

ቋቱን ሙሉ በሙሉ አይጨርሱ። ስናፕሾት (ኤልቪው በአንድ ቅጽበት የነበረበትን ሁኔታ የሚይዝ ምስል) ከዚያው ነው ቦታ የሚወስደው፤ የተሰጠው ቦታ ሲሞላም ስናፕሾቱ ከጥቅም ውጭ ይሆናል።

ማጥበብ ሌላ ጉዳይ ነው። ኤክስት4 መጀመሪያ ከማውንት ይወጣል፣ ይፈተሻል፣ ፋይል ሲስተሙ ይጠብባል፣ ኤልቪው የመጨረሻው ነው። ኤክስኤፍኤስን ለማጥበብ አይሞክሩ፤ ባክአፕ ይያዙ፣ አነስ ያለ ኤልቪ ይሥሩና ዳታውን ይመልሱበት።

አንድ ኤልቪ በሁለት ዲስኮች ላይ ተዘርግቶ አንዱ ከተበላሸ ጠቅላላ ፋይል ሲስተሙ አብሮ ሊጠፋ ይችላል፤ ኤልቪኤም በነባሪው አሠራር ቅጂ አይዝም። ዲስኩ የድካም ምልክት ካሳየ ሳይሞት በ«ፒቪሙቭ» ዳታውን ወደ ሌሎቹ ያሸጋግሩ፣ በ«ቪጂሪዱስ» ከቋቱ ያውጡት፣ በ«ፒቪሪሙቭ» ምልክቱን ያንሡለት። ሽግግሩ መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ አይደንግጡ፤ «ፒቪሙቭ»ን ያለ ምንም ተጨማሪ ሲጽፉት ካቆመበት ይቀጥላል።