ትዳሬ ሲፈርስ የሁለት ዓመት ግሪን ካርዴን እንዴት አቆየሁት

«ግሪን ካርድሽን አስነጥቅሻለሁ።»

ባለቤቴ ይህን ያለኝ በኦገስት 2023፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በነበረችው አፓርታማችን ኩሽና ውስጥ ነው። (ከአንዱ በቀር ቀኖቼ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ያን ሌሊት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ተረኛ ነበርኩ። እያለቀስኩ አነጋሁ። አሜሪካ ከገባሁ ገና 11 ወሬ ነበር። ዛሬ የ10 ዓመቱ ካርድ እጄ ላይ አለ። ያኔ የሚነግረኝ ሰው ያጣሁትን ነው የምጽፍልሽ። ወንድሞቼ፣ ለእናንተም ሕጉ ያው ነው።

ከሁሉ በፊት ይህን እወቂ፦ ባልሽ ካርድሽን መንጠቅ አይችልም። ለኢሚግሬሽን ደብዳቤ ሊጽፍ ይችላል። ደብዳቤው ግን ደብዳቤ ነው እንጂ ውሳኔ አይደለም። ማመልከቻሽ ውድቅ ቢደረግ እንኳ ጉዳይሽ የኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት ቀርቦ እንደገና ይታያል።

አሁን ካርድሽን አውጥተሽ የሚያበቃበትን ቀን እዪ። የ10 ዓመት ከሆነ፣ ትዳሩ የእውነት እስከነበረ ድረስ ፍቺው ካርድሽን አይነካውም። ጊዜው ሲደርስ ታሳድሺዋለሽ። የ2 ዓመት ከሆነ ግን ቀጥዪ። ይህ ካርድ የሚሰጠው ነዋሪነቱ ሲፈቀድ ትዳሩ ሁለት ዓመት ላልሞላው ሰው ነው። በደንቡ ባልና ሚስት አይ-751 የሚባለውን ፎርም አብረው ፈርመው፣ ካርዱ ሊያበቃ ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ያስገባሉ። የተፋታ ሰው ያንኑ ፎርም ብቻውን ያስገባል፤ የጋራ ፊርማው እንዲቀርለት ይጠይቃል። ጠበቆች «ዌቨር» ይሉታል። ለዌቨር 90 ቀኑን መጠበቅ አያስፈልግም። የእኔ ካርድ የሚያበቃው በሴፕቴምበር 2024 ነበር፤ እኔ ግን በሜይ አስገባሁ። ድብደባ ወይም ከባድ ጭካኔ ከደረሰብሽ ደግሞ ፍቺው እስኪያልቅ እንኳ አትጠብቂ። ፎርሙ ላይ ለእሱ ምልክት የሚደረግበት የተለየ ሳጥን አለ።

እኔን የጨነቀኝ ፍቺው ነው። ለዌቨሩ ተለያይቶ መኖር ብቻ አይበቃም፤ የፍርድ ቤት የመጨረሻ የፍቺ ውሳኔ ያስፈልጋል። እሱ አልፈርምም አለ። ደግነቱ ሜሪላንድ ከኦክቶበር 1፣ 2023 ጀምሮ ሕጉን ቀይሯል። ለመፋታት ስድስት ወር ተለያይቶ መኖር ይበቃል፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው የየራሳቸውን ኑሮ የኖሩም ይቆጠርላቸዋል። በፌብሩዋሪ ከስሼ በኤፕሪል 2024 ተፈረደልኝ። ቨርጂኒያ ያላችሁ ግን ጊዜውን አስቀድማችሁ አስሉት። እዚያ አንድ ዓመት ነው፤ ስድስት ወር የሚሆነው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከሌለና ሁለታችሁም ስምምነት ከፈረማችሁ ነው። አብራችሁ ካስገባችሁ በኋላ ከተፋታችሁም አዲስ ፎርም አትሙሉ። ውሳኔውን አያይዛችሁ ማመልከቻው ወደ ዌቨር እንዲለወጥ በጽሑፍ ጠይቁ።

ዋናው ሥራ ማስረጃው ነው። ከቤት ሳትወጪ ያገኘሽውን ወረቀት ሁሉ በስልክሽ ፎቶ አንሺ። እኔ ይህን አላደረግኩም፤ ብዙ ዋጋ አስከፈለኝ። የቤት ኪራይ ውሉ በእሱ ስም ብቻ ነበር፤ ልጅ አልወለድንም። የነበረኝ የ2022ን ታክስ አብረን ማስገባታችን፣ የመኪና ኢንሹራንስና አንድ የጋራ የባንክ ሒሳብ ነው። የታክሱን ግልባጭ ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ከአይአርኤስ በነፃ አወጣሁ። በባንኩ ስቴትመንት ላይ ኪራይና አስቤዛ የከፈልንበትን በቀለም አሰመርኩ። ባዶ የተቀመጠ የጋራ ሒሳብ ብዙም አይረዳም።

ጉድለቱን የሞሉልኝ ሽማግሌዎቹ ናቸው። ሁለት ጊዜ ሊያስታርቁን ቤታችን መጥተው ነበር። እርቁ አልያዘም። ግን አስቢው፣ ትዳሩ የእውነት ባይሆን ማን ለእርቅ ይለፋል? መጀመሪያ አንደኛው «ጨዋ ልጅ ናት፣ እግዚአብሔርን የምትፈራ» ብለው ጻፉልኝ። ጠበቃዬ መለሰችው። ሁለተኛው ደብዳቤያቸው ሌላ ነበር፦ በየትኛው ቀን እንደመጡ፣ ማን ቡና እንዳፈላ፣ ሳሎኑ ውስጥ የሠርጋችን ፎቶ የት እንደተሰቀለ፣ በምን እንደተጣላን። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ፈልጊ። ጸሐፊው ሙሉ ስሙን፣ አድራሻውን፣ የተወለደበትን ቀንና ቦታ፣ እንዴት እንደሚያውቃችሁም ይጻፍበት። ቢያንስ ሁለት ሰው ይጻፍልሽ።

የራሴንም ቃል በሁለት ገጽ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ረቂቅ ስድብ ብቻ ነበር። ጠበቃዬ ግማሹን ሰረዘችው። የኢሚግሬሽኑ መርማሪ ማወቅ የሚፈልገው ማን እንዳጠፋ ሳይሆን ስትጋቡ ልባችሁ ትዳር ላይ እንደነበር ነው። እንዴት እንደተዋወቃችሁ፣ እንዴት እንደኖራችሁ፣ ለምን እንዳልሆነ በእርጋታ ጻፊ። አንዲት ውሸት አትጨምሪ።

ቀን ላይ ተጠንቀቂ! ሠርጋችን ጥር 15፣ 2013 ዓ.ም. ነበር። መጀመሪያ ፎርም የሞላልኝ ሰው «ጃንዋሪ 15፣ 2021» ብሎ ጻፈው። ትክክለኛው ጃንዋሪ 23 ነው። ሳይታይ ቢገባ ኖሮ ከጋብቻ ወረቀታችን ጋር ይጋጭ ነበር። በአማርኛ ያለ ሰነድ ሁሉ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ ይተርጎም። ተርጓሚው ሁለቱን ቋንቋ እንደሚችልና ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ እንደሆነ ጽፎ ይፈርም። ፎርም በመሙላት የሚተዳደሩ ሰዎችን አልንቅም። ግን ፍቺ ያለበት ጉዳይ የጠበቃ ወይም ፈቃድ ያለው ወኪል ሥራ ነው።

ክፍያው ሳስገባ 750 ዶላር ነበር። ከመክፈልሽ በፊት የጊዜውን ዋጋ የኢሚግሬሽኑ ድረ ገጽ ላይ እዪ። ገቢዋ ዝቅ ያለ ሰው አይ-912 በሚባለው ፎርም ክፍያው እንዲቀርላት መጠየቅ ትችላለች።

ከዚያ የመቀበያ ደብዳቤው ይመጣል። የእኔ ካርዱን ለ48 ወር የሚያራዝም ነበር። ካርዱ ቢያበቃም ከደብዳቤው ጋር ሆኖ ለሥራም ለጉዞም ያገለግላል። ሁለቱን አትለያዪ። ቤት ስትቀይሪ በ10 ቀን ውስጥ አድራሻሽን አሳውቂ፤ ደብዳቤሽ እሱ ቤት እንዳይሄድ።

እኔ ለኢንተርቪው ተጠራሁ። ሁሉም አይጠራም። እንዴት እንደተዋወቅን፣ ሠርጉ ላይ ማን እንደነበረ፣ ሽማግሌዎቹ ምን እንዳሉ ተጠየቅኩ። ደብዳቤዬ ላይ ያለውን ነው የመለስኩት። ካስገባሁ በ16ኛው ወር ካርዱ በፖስታ መጣ።

የቀረው ዜግነት ነው። ከአሜሪካዊ ባል ጋር ለምትኖር ሚስት የተፈቀደው የ3 ዓመት መንገድ ለእኔ ተዘግቷል፤ እንደ ማንኛውም ሰው 5 ዓመት እጠብቃለሁ። የሚቆጠረው ግን የ10 ዓመቱ ካርድ ከመጣበት ቀን አይደለም፤ ነዋሪ ከሆንኩበት ከሴፕቴምበር 2022 ጀምሮ ነው። ማመልከቻውንም 5 ዓመቱ ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረው ማስገባት ይቻላል። ጁን 2027ን ከወዲሁ ካላንደሬ ላይ አክብቤዋለሁ።