መኪናው ኩርባ ላይ እንቢ ሲል፤ ችግሩ የሚጀምረው ከየት ነው?

ዲሲና አካባቢው መኪና መንዳት እንጀራቸው የሆነ ብዙ አበሾች አሉ። እኔም አንዱ ነበርኩ። በበረዶም በዝናብም ዓመታት ታክሲ ነድቼ አንድም ቀን ሳልጋጭ ኖሬያለሁ። ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሰሚት ፖይንት የሚባለው ትራክ (የመኪና መወዳደሪያ መንገድ) የገባሁ ቀን ግን መንዳት እንደማልችል ገባኝ። አጠገቤ የተቀመጡት አስተማሪ ሽማግሌ ሰው ናቸው። ሁለት ዙር ዝም ብለው አዩኝና "መኪናው ደህና ነው፤ የዘገየው ዓይንህ ነው" አሉኝ።

ለማያውቀው፣ ትራክ ደይ ውድድር አይደለም። የራሳችሁን መኪና ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ሄልሜት ታደርጋላችሁ፣ 20 ደቂቃ ገደማ ነድታችሁ ትወጣላችሁ፣ አርፋችሁ ትመለሳላችሁ። ዋንጫ የለም። ጀማሪዎች ጋር መቅደም የሚቻለው በተፈቀደ ቦታ፣ ከፊት ያለው ሰው በእጁ "እለፍ" ሲል ብቻ ነው።

ከታች ያሉት እኔንም ጓደኞቼንም ያስቸገሩን ናቸው። ችግሩ የሚታየው አንድ ቦታ ነው፤ ስህተቱ የተሠራው ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቀደም ብሎ ነው።

መሪውን ብታዞሩም መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል

ጀማሪ ሁሉ ይሄኔ ጎማውን ይሰድባል። ጎማው ግን ምን ያድርግ? መሬት የመያዝ አቅሙ የተወሰነ ነው። ለማቆምም ለመታጠፍም የሚከፍለው ከዚያው ኪስ ነው። ፍጥነት አብዝታችሁ ከገባችሁ ለመታጠፊያ የሚተርፈው ነገር የለም። መሪውን ይበልጥ መጠምዘዝ ደግሞ ያብስበታል። ሌላው ምክንያት ኩርባው ሳያልቅ ነዳጅ መርገጥ ነው፤ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄድና ፊቱ ይቀልላል።

እዚያው ላይ ሳላችሁ ነዳጁን በቀስታ ቀነስ፣ መሪውንም ትንሽ መለስ አድርጉ። ጎማው ሲይዝ በእጃችሁ ይሰማችኋል። በሚቀጥለው ዙር ፍሬኑን ቀደም ብላችሁ ያዙ። ስትለቁት ደግሞ በአንዴ አትልቀቁት። ቡና የሚቀዳ ሰው አተላው እንዳይናወጥ ጀበናውን ቀስ አድርጎ ቀና ያደርገው የለ? እግራችሁም ከፍሬኑ ላይ እንደዚያ ይነሳ። ያኔ ክብደቱ ፊት ላይ እንዳለ ትታጠፋላችሁ።

ከኩርባው ስትወጡ መንገዱ ያልቅባችኋል

የእኔ ዋና በሽታ ይህ ነበር። የሰሚት ፖይንት ዋናው ትራክ 2 ማይል ነው፣ 10 ኩርባ አለው። 10ኛው ወደ ቀኝ ታጥፎ ረጅሙ ቀጥታ መንገድ ላይ ይጥላችኋል። እዚያ ላይ ያገኛችሁትን ፍጥነት እስከ 1ኛው ኩርባ ድረስ ይዛችሁት ስለምትሄዱ ሁሉም ሰው ይስገበገብበታል። እኔም ተስገበገብኩ። የውስጠኛውን ጠርዝ አሪፍ አድርጌ ነካሁ ብዬ ነዳጁን ስረግጥ መንገዱ አለቀና የግራ ጎማዎቼ ሣር ላይ ወጡ። መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። እጄ መሪውን ወደ ቀኝ ሊጎትት ሲል ሽማግሌው ረጋ ብለው "ሣሩ ላይ ከወጣህ ሣሩ ላይ ቆይ" አሉ። መሪውን ቀጥ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ ተመለስኩ። ብጎትተው ኖሮ ጎማዎቹ አስፋልቱን ድንገት ሲይዙት መኪናው ተሽከርክሮ ወደ ማዶ ይወረወር ነበር።

ጥፋቱ መውጫው ላይ አልነበረም። መታጠፍ የጀመርኩት ቀድሜ ነው። ሰው ቀድሞ የሚታጠፈው ስለሚፈራ ነው፤ ኩርባውን ቶሎ ጀምሮ መገላገል ይፈልጋል። ቀድማችሁ ስትታጠፉ ውስጠኛውን ጠርዝ ቀድማችሁ ትነካላችሁ፤ ከዚያ ኩርባው ገና ሳያልቅ መኪናው ወደ ውጭ ያመራል።

መመርመሪያው ቀላል ነው። ውስጠኛውን ጠርዝ ካለፋችሁ በኋላ መሪውን ገና መጨመር ካስፈለጋችሁ ቀድማችሁ ታጥፋችኋል ማለት ነው። በደህናው ጊዜ እጃችሁ ከዚያ ነጥብ በኋላ መፍታት ብቻ ነው ያለበት። እንግዲህ አስፋልቱ ላይ አንድ የማይንቀሳቀስ ምልክት ያዙ፤ ስንጥቅ ይሁን የቀለም ነጠብጣብ። ከዚያ በፊት አትታጠፉ። ፍሬን ይዛችሁ ሳለ ዓይናችሁ ውስጠኛው ጠርዝ ላይ ይሁን፤ ጠርዙ ጋ ስትደርሱ መውጫው ላይ። የፊት መከላከያውን የሚያይ ሰው ሁልጊዜ ይዘገያል።

መሃል ኩርባ ላይ የኋላው ያመልጣል

የታክሲ ሹፌር አመል ነው። ስንደነግጥ እግራችንን ከነዳጁ እናነሳለን። ከተማ ውስጥ ጥሩ ነው፤ እዚህ ግን ክብደቱ ድንገት ወደ ፊት ይሄዳል፣ ኋላው ይቀልላል፣ ይዞራል። መድኃኒቱ ድንጋጤውን ማስቀረት ነው፤ ፍጥነት መቀነሱን ሳትታጠፉ በፊት ጨርሱት። አመለጠ ከተባለ መሪውን የኋላው ወደሚሄድበት አቅጣጫ መልሱ። መመለስ ካልቻላችሁ ፍሬኑንም ፍሪሲዮኑንም እስከ ታች እርገጡ።

የፍሬን ፔዳሉ ይሰምጣል፣ ወይም ደርቆ መኪናው አይቆምም

ሁለቱን አታምታቱ። ከሰመጠ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይችላል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ዝቅተኛው ልኩ 140 ነው። ዶት 4 ደግሞ 230 እና 155። ስለዚህ ከትራክ በፊት ዘይቱ ይቀየር። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው ካልቆመ ግን የጋለው የፍሬን ሸራው ነው፤ ለትራክ የተሠራ ያስፈልጋችኋል። ሁለቱም ላይ የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ሳትነኩ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። ከወጣችሁ በኋላም የእጅ ፍሬን አትሳቡ፤ ማርሽ ውስጥ ተዉት።

ሁለት ዙር ጥሩ ነበር፣ ከዚያ መንሸራተት ጀመረ

የጎማ ንፋስ ነው። ጎማው ሲሞቅ ንፋሱ ይጨምራል። እንደወጣችሁ፣ ሳይቀዘቅዝ ለኩትና ቀንሱ። ማታ ወደ ቤት ከመንዳታችሁ በፊት መልሳችሁ መሙላት አትርሱ።

ጠዋት የሚሆንላችሁ ከሰዓት በኋላ አይሆንም

መኪናውን አትመርምሩት፤ ደክሟችኋል። ውኃ ጠጡ። ዓይናችሁ ወደ ቅርብ መመለስ ከጀመረ የመጨረሻውን ተራ ተዉት። መደበኛው የመኪና ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ትራክ ላይ የደረሰ ጉዳት አይሸፍንም። እኔ ደግሞ ሰኞ ጠዋት ሥራ የምሄደው በዚሁ መኪና ነው።