ለወገብ ዲስክ ሲቲ ስካን ሲነሱ ማወቅ ያለብዎ

አክስቴ ባለፈው መኸር ከደላንታ ደሴ ስትመጣ ከመኪና ወርዳ ቀጥ ብላ መቆም አልቻለችም። የስንዴ ጆንያ ልታነሳ ጎንበስ ስትል ወገቧ ቁርጥ አለ። ሕመሙ ከወገቧ ተነስቶ፣ በቀኝ መቀመጫዋ አልፎ፣ እስከ እግሯ አውራ ጣት ይነዝራታል። አንዱ ወጌሻ ይሻላል ይላታል፤ ሌላው ሲቲ ስካን ተነሺ። ሥራዬ ራጅና ሲቲ ስካን ማንሳት ነውና ለእሷ የነገርኳትን ለእርስዎም ልንገርዎ።

መጀመሪያ የሐኪም እጅ ይቅደም። ሐኪሙ በጀርባዎ አስተኝቶ እግርዎን ሳይታጠፍ ወደ ላይ ያነሳል። በተረከዝዎ፣ ከዚያም በጣቶችዎ ያስኬድዎታል። የትኛው ነርቭ እንደተነካ የሚጠቁመው ይሄ ነው። ሕመሙ አውራ ጣት ድረስ ከወረደ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ4ኛውና በ5ኛው የወገብ አከርካሪ መካከል ያለው ዲስክ፣ ማለትም በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ ያለው ነገር፣ ይጠረጠራል። ወደ ትንሿ ጣት ከሄደ ደግሞ ከእሱ በታች ያለው። ብዙ ሰው በ6 ሳምንት ገደማ ያለ ቀዶ ሕክምና እየተሻለው ይሄዳል። ስለዚህ ሐኪሙ "ትንሽ እንጠብቅ" ቢልዎ ችላ አለኝ ብለው አይዘኑ።

የማይጠበቅም አለ። ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጠ፣ ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የሚነካው ቦታ ከደነዘዘ፣ እግርዎ እየዛለ ከሄደ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይግቡ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ካለም ይናገሩ፤ የአከርካሪ ቲቢ ዲስክ መስሎ ይመጣል። እባክዎ፣ እነዚህ ምልክቶች እያሉ ወገብዎን አያሳሹ።

ቀጥሎ ኤምአርአይ፣ በማግኔት ምስል የሚያነሳው ማሽን፣ ይገኝ እንደሆን ይጠይቁ። ዲስክንና ነርቭን ከሲቲ አጥርቶ ያሳያል፣ ጨረርም የለውም። ካልተገኘ፣ ወይም ልብዎ ላይ የተገጠመ የምት መቆጣጠሪያ ኤምአርአይ ከከለከለዎ፣ ሲቲ ጥሩ መንገድ ነው። አጥንትን በማሳየት እንዲያውም ይበልጣል። ማዘዣው ላይ የትኛው እግር እንደሚያም፣ እስከ የት እንደሚወርድ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ይጻፍልዎ።

የምርመራው ዕለት ቀላል ነው። እርግዝና ካለ ወይም ከተጠረጠረ ከሁሉ በፊት ይናገሩ። ወገብ አካባቢ ያለ ብረት ሁሉ ይውለቅ። ለዲስክ ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት በመርፌ መወጋት አያስፈልግም። በጀርባዎ ይተኛሉ፣ ከጉልበትዎ ሥር ትራስ ይደረጋል፣ አልጋው በቀለበቱ ውስጥ ያልፋል። ጥቂት ደቂቃ ነው። መተኛቱ ካመመዎ ማሽኑ ሳይነሳ ይንገሩን፤ ከተነቃነቁ ምስሉ ይበላሻል።

አሁን ወደ ምስሉ። ማሽኑ ወገብዎን እንደ ስስ የዳቦ ቁራጭ ከፍሎ ያነሳል፤ ኮምፒውተሩ መልሶ አጋጥሞ ከጎንም ያሳያል። አንዳንድ ዘመናዊዎቹ በሁለት ዓይነት የራጅ ጉልበት ያነሳሉ፤ ይህም ዲስኩን ከአካባቢው ይበልጥ ለመለየት ይረዳል። በምስሉ ላይ አጥንት ነጭ፣ ዲስክ ግራጫ፣ በነርቩ ዙሪያ ያለው ስብ ጥቁር ነው። እኔ ዓይኔን የምጥለው ጥቁሩ ላይ ነው። በግራ በኩል ጥቁር ሆኖ በቀኝ ከጠፋ፣ ግራጫው ገፍቶ ገብቷል ማለት ነው። አክስቴ ላይ ያየነው ይህንኑ ነበር፤ በ4ኛና በ5ኛው መካከል፣ በቀኝ። ከአውራ ጣቷ ጋር ገጠመ።

ባይገጥምስ? ምንም ሳያማቸው ዲስካቸው ያበጠ ሰዎች ብዙ ናቸው። የውጤት ወረቀቱ ግራ እያለ የሚያምዎ ቀኝ ከሆነ፣ ሐኪሙን "ይሄ ነው ወይ የሚያመኝ?" ብለው ይጠይቁት።

በመጨረሻ ምስሉ ያለበትን ሲዲ ሳይዙ እንዳይወጡ። አክስቴ ቀደም ብላ ሌላ ቦታ ተነስታ ኖሮ በእጇ የነበረው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። እንደገና ተነሳች፤ ገንዘቡም ጨረሩም ሁለት ጊዜ ሆነ። አንድ የወገብ ሲቲ ከተራ የደረት ራጅ በብዙ እጥፍ የበለጠ ጨረር አለውና ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ቢጻፍልዎም እዚያ ያለው ሐኪም ማየት የሚፈልገው ምስሉን ራሱን ነው። ሁለተኛውን ሲዲ አክስቴ በፌስታል ጠቅልላ ሣጥኗ ውስጥ ቆልፋበታለች።