ታንኳው ለምን ደበዘዘ? ጣና ላይ በሎንግ ኤክስፖዠር ሲያነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጣና ጠዋት ጠዋት ረጋ ይላል፤ ነፋሱ የሚበረታው ቀኑ ሲገፋ ነው። ታንኳ በሎንግ ኤክስፖዠር፣ ማለትም የካሜራው መዝጊያ (ሹተሩ) ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት ሆኖ፣ ለማንሳት ንጋት የሚመረጠው ለዚህ ነው። ያም ሆኖ ብዙ ፎቶ ይበላሻል፤ በአብዛኛው የሚበላሸው ግን ውኃው ሳይሆን ታንኳው ነው።

ውኃው ስለረጋ ታንኳው ቆሟል ብሎ ማመን

ዋናው ስህተት ይህ ነው። የደንገል ታንኳ ቀላል ስለሆነ ዓይን ልብ የማይለው ሞገድ እንኳ ያወዛውዘዋል። እናስላው። የ24 ሜጋፒክስል ካሜራ ምስል ወርዱ 6000 ፒክስል ነው። 5 ሜትር የሚረዝም ታንኳ የወርዱን ግማሽ ከያዘ አንድ ሴንቲ ሜትር 6 ፒክስል ይሆናል። ሹተሩ ክፍት እያለ 2 ሴንቲ ሜትር ቢንቀሳቀስ ጠርዙ 12 ፒክስል ይሰፋል፤ ይህን ኮምፒውተር አያድነውም። በአንድ ገመድ ብቻ ከታሰረ ደግሞ ቀስ እያለ ይዞራል።

ኋላው ጭቃ ወይም ሣር ላይ የተሳበ ታንኳ ይምረጡ። ከሌለ ባለታንኳውን አስፈቅደው ትንሽ ወደ ዳር ያስስቡት፤ ለድካሙም ይክፈሉት። የእንጨት ወይም የብረት ጀልባ ከሆነ ከፊትና ከኋላ በሁለት ገመድ ይታሰር። ሰው ተቀምጦበት ከሆነ ከ1 ሰከንድ በላይ መሞከር ከንቱ ነው።

የዕለቱን ወሰን ለማወቅ አይ ኤስ ኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) እየቀነሱ በ1/2፣ በ1፣ በ2፣ በ4 እና በ8 ሰከንድ ያንሱ። ከዚያ ምስሉን አጉልተው ወደ ላይ የተቆለመመውን የታንኳ ጫፍ ይመልከቱ። ጫፉ ጥርት ያለበት ረጅሙ ጊዜ ወሰንዎ ነው። ከዚያ በላይ ካማረዎት ካሜራውን ሳያነቃንቁ አንድ አጭር ፎቶ ለታንኳው፣ አንድ ረጅም ፎቶ ለውኃው አንስተው በኋላ ያዋህዷቸው።

መስታወት በሆነ ውኃ ላይ ጊዜ ማባከን

ውኃው ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ 1/30 ሰከንድና 30 ሰከንድ ያው ናቸው። ሎንግ ኤክስፖዠር የሚጠቅመው ትንሽ ሽብሽብ ሲኖር ነው። ያኔም ቢሆን የታንኳውን ነጸብራቅ ጥርት አያደርገውም፤ ወደ ታች ስቦ ያለሰልሰዋል እንጂ።

በንጋት የ10 ስቶፕ ፊልተር መግጠም

አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል። ያለ ፊልተር በኤፍ 11 (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን) እና በአይ ኤስ ኦ 100 ሲለኩ 1/4 ሰከንድ ካገኙ፣ የ3 ስቶፕ ኤንዲ (ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር) ፊልተር 2 ሰከንድ፣ የ6 ስቶፕ 16 ሰከንድ ይሰጣል። የ10 ስቶፑ ግን 256 ሰከንድ፣ ማለትም ከ4 ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ በዚያ መሃል ብርሃኑ ራሱ ይለወጣል፤ ልኬቱም ዋጋ ያጣል። የ10 ስቶፑን ፀሐይ ከወጣች በኋላ ይጠቀሙበት።

ፎከስን ከፊልተር በኋላ ማስተካከል

ጥቁር ፊልተር ሲገጠም አውቶፎከስ ይደናበራል። መጀመሪያ ፎከስ ያድርጉ፣ ወደ ማኑዋል ይቀይሩ፣ ከዚያ ፊልተሩን ሌንሱን ሳያዞሩ ይግጠሙ። ባለመስታወት (ዲ ኤስ ኤል አር) ካሜራ ከሆነ በዓይን የሚያዩበትን ቀዳዳ በጨርቅ ይሸፍኑ፤ ከኋላ የሚገባው ብርሃን ምስሉን ያበላሻል።

ጊዜውን ለማርዘም ኤፍ 22 ድረስ መዝጋት

ዲፍራክሽን፣ ማለትም ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ መበተኑ፣ ምስሉን ያለዝበዋል። ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 ይበቃል። ፖላራይዘርም (ነጸብራቅ የሚቀንስ ፊልተር) በግዴለሽነት አይዙር፤ የመጡበትን ነጸብራቅ ሊያጠፋው ይችላል።

ትራይፖዱን የእንጨት መተላለፊያ ላይ መትከል

አንድ ሰው ሲራመድበት ጣውላው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። መሬት ላይ ይቁሙ፤ ጭቃ ከሆነ እግሮቹ መስመጥ እስኪያቆሙ ወደ ታች ይጫኗቸው። የሌንሱን ማረጋጊያ ያጥፉ፤ ሹተሩንም በሪሞት ወይም በ2 ሰከንድ ታይመር ይልቀቁ።

የኖይዝ ቅነሳውን መርሳት

ይህ ረጅም ፎቶ ላይ የሚታየውን ነጠብጣብ (ኖይዝ) የሚቀንስ የካሜራ ምርጫ ከበራ ከ30 ሰከንድ ፎቶ በኋላ ካሜራው ሌላ 30 ሰከንድ ይይዝዎታል። ብርሃኑ በሚሮጥበት ሰዓት ያጥፉት።

የሞተር ጀልባውን ብቻ ማየት

ጀልባው ከዓይን ከራቀ በኋላ ማዕበሉ ገና ወደ ዳር እየመጣ ነው። ሞተር ከሰሙ ሹተሩን አይክፈቱ፤ ማዕበሉ ዳሩን መትቶ እስኪበርድ ይጠብቁ። ለመጠበቅ ብርሃኑ የማይፈቅድ ከሆነ ፊልተሩን አውልቀው አይ ኤስ ኦውን ከፍ ያድርጉና በ1/125 ያንሱ።