ከቡላና ከቅርንፉድ የምግብ መጠቅለያ እንዴት እንደሚሰራ

ሀዋሳ ለምትኖሩ የዚህ ሥራ ዋና ግብዓት ገበያ ላይ ሞልቷል። ቡላ ነው። እንሰቱ ተፍቆ ሲጨመቅ የሚወርደው ውሃ ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ነገር ከሞላ ጎደል ስታርች ነው፤ ስታርች ደግሞ በውሃ በስሎ፣ በስሱ ተነጥፎ ሲደርቅ ላስቲክ የመሰለ የሚተጣጠፍ ነገር ይሆናል። እዚያ ላይ ቅርንፉድ ስትጨምሩበት ሻጋታና ባክቴሪያ የሚያዘገይ መጠቅለያ አገኛችሁ ማለት ነው። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ «ታዲያ በምን እንጠቅልል?» ለሚል ሰው ግን ቁርጡን ልንገረው፦ ይሄ ፌስታልን አይተካም። ውሃ ከነካው ይልማል። ለዳቦ፣ ለኩኪስና ለመሳሰሉት ደረቅ ምግቦች ግን አሪፍ ነው።

ቅርንፉዱ ምን ይሠራል? ዩጂኖል የሚባል ዘይታማ ነገር አለው። ጦስኝም ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ተመሳሳይ ነገሮች አሉት። እነዚህ የባክቴሪያውን ሽፋን ያበላሹና ውስጡ ያለው ነገር እንዲፈስ ያደርጋሉ። እናቶቻችን ቅቤ ሲያነጥሩ ኮሰረት የሚጨምሩት ለሽታው ብቻ አልነበረም፤ ቅቤው እንዲቆይም ነው። እኔን ደስ የሚለኝ ይሄ ነው፣ እውቀቱ ከጓዳችን ነው የመጣው።

ሥራው የሚጀመረው ከሦስት ቀን በፊት ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ቅርንፉድ በግማሽ የሻይ ብርጭቆ ዳግም አረቄ ዘፍዝፉና ክዳን ባለው ጠርሙስ ጨለማ ቦታ አስቀምጡ። በቀን አንዴ ነቅነቅ አድርጉት። አረቄ ያልኩት ዩጂኖል በውሃ ብዙም ስለማይሟሟ፣ በአልኮል ግን በደንብ ስለሚወጣ ነው። ለማጽጃ የሚሸጥ አልኮል ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ ለምግብ የማይሆን ነገር ሊቀላቀልበት ይችላል። በመጨረሻ በንጹሕ ጨርቅ አጥሉት።

እስከዚያው ቡላውን አጽዱ። ከገበያ የመጣው ኮምጠጥ ያለ ሽታና ቀጫጭን ቃጫ አለው። በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት፣ በሻሽ አጥሉት፣ ይዝቀጥ፣ ከዚያ ላዩን ያለውን ውሃ ቀስ ብላችሁ ድፉ። ውሃው ጥርት እስኪል ሁለት ሦስቴ ድገሙት። ከዚያ ጥላ ላይ አድርቁና ፍጩት። ይሄን እርምጃ እንዳትዘሉት፤ ቃጫው የቀረበት ቦታ ላይ ነው መጠቅለያው በኋላ የሚቀደደው። ቡላ ካጣችሁ የበቆሎ ስታርችም ይሆናል።

አሁን 10 ግራም ቡላ፣ ማለትም አናቱ የተደለደለ 4 የሻይ ማንኪያ ያህል፣ በ200 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ግሊሰሪን ጨምሩ። ግሊሰሪኑን ስትገዙ ንጹሑን ጠይቁ፣ ለፊት የሚቀባው ብዙ ጊዜ ከሮዝ ውሃ ጋር የተቀላቀለ ነው። ያለ ግሊሰሪን የሚሠራው እንደ ብስኩት ይሰባበራል።

ለስ ባለ እሳት ጣዱትና ማማሰሉን አታቋርጡ፤ ካቆማችሁ ቡላው ሥሩ ይዘቅጥና ይጓጉላል። መጀመሪያ ወተት ይመስላል። ከዚያ ድንገት ወፈር ይልና ነጩ መልክ ጠፍቶ ብርሃን የሚያሳልፍ ይሆናል። ከዚያም በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል አብስሉት። ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስታርቹ ግን ከዚያ በታች ስለሚበስል ችግር የለም።

አውርዱት። እሳቱንም አጥፉ፣ የአረቄ ትነት እሳት ይይዛል። ጣት የሚያስችል ያህል ሲበርድ ከቅርንፉዱ ዝፍዝፍ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨምሩና በኃይል ምቱት። ትኩስ እያለ ከጨመራችሁት ዋናው ነገር ተንኖ ያልቃል፣ ቤቱ በቅርንፉድ ሽታ ይታወዳል፣ መጠቅለያው ግን ባዶ ይቀራል።

28 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ለስላሳ የላስቲክ ትሪ ላይ አፍስሱት፤ ውፍረቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ትሪው ዘንበል ያለ ከሆነ አንዱ ጎን ይወፍራል፣ ሌላው ይሳሳል፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ ትንሽ ውሃ አፍስሳችሁበት ወዴት እንደሚሄድ እዩ። አረፋ ካለ ትሪውን ከሥር መታ መታ አድርጉ። አቧራ እንዳይገባበት አጎበር አልብሱት። ፀሐይ ላይ አታውጡት፣ ይሰነጠቃል። ጥላ ላይ አንድ ሁለት ቀን ይበቃዋል፣ ክረምት ላይ ግን ይዘገያል። ዳሩን በቢላ ነካ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ላጡት። ከተሰነጠቀ በሚቀጥለው ግሊሰሪኑን ትንሽ ጨምሩ፣ እጅ ላይ ከተጣበቀ ቀንሱ።

ይሠራ እንደሆነ ፈትኑ እንጂ ዝም ብላችሁ አትመኑት። ሌላ ትሪ ያለ ቅርንፉድ ሥሩ፤ አረቄውን ብቻ ጨምሩበት። ከአንድ ዳቦ ሦስት እኩል ቁራጭ ቁረጡ። አንዱን ባዶውን፣ አንዱን ቅርንፉድ በሌለው መጠቅለያ፣ አንዱን በቅርንፉዱ ጠቅልላችሁ በየራሱ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ። በአንድ ዕቃ ከሆኑ የቅርንፉዱ ትነት ሁሉንም ስለሚደርስ ልዩነቱ አይታወቅም። ሻጋታ መጀመሪያ የታየበትን ቀን ጻፉ። ይሄን ዳቦ እንዳትበሉት። ለሽያጭ ያሰበ ሰው ደግሞ በቤት ፈተና ብቻ ገበያ አይውጣ፣ ላብራቶሪ ያስመርምር።

አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የተገዛ ቆሮሶ (ቲላፒያ ዓሣ) በዚህ ለመጠቅለል የምታስቡ ካላችሁ ተዉት። እርጥብ ነው፣ መጠቅለያው ይሟሽሻል፤ ዓሣ በረዶ ነው የሚፈልገው። እንጀራም ላይ ይጣበቃል፤ መሞከር ከፈለጋችሁ እንጀራውን ሳይነካ የመጠቅለያውን ቁራጭ ከመሶቡ ክዳን ሥር ለጥፉት፣ ትነቱ ብቻውንም ያግዛል። ምግቡ አስቀድሞ ከተበላሸ ግን ምንም አያድነውም።

የተረፈውን በደንብ በሚገጥም ቆርቆሮ አስቀምጡ። ከመጠቀማችሁ በፊት አሽትቱት፤ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ካላለ ዘይቱ ተንኖ አልቋልና ሌላ ሥሩ።