ካንቱቺ ሲፈረፈር፣ ሲነጠፍና ሳይደርቅ ሲቀር

ካንቱቺ በኢጣሊያዋ ቶስካና፣ በተለይም በፕራቶ ከተማ የሚታወቅ፣ ልጣጩ ያልተነሣለት ሙሉ አልመንድ የሚገባበት ደረቅ ብስኩት ነው። መጀመሪያ እንደ ሙልሙል ረዘም ተደርጎ ይጋገርና ለብ እንዳለ ተቆርጦ እንደገና ወደ ኦቨን ይመለሳል። ብዙ ሰው ሲበላሽበት ሊጡን ይወቅሳል፤ እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው መቼ እንደተቆረጠ ነው።

ሲቆረጥ የሚፈረፈረው ከሁለት በአንዱ ምክንያት ነው። ከኦቨን እንደወጣ ከተቆረጠ ውስጡ ገና በእንፋሎት የለሰለሰ ስለሆነ ቢላው ይጎትተዋል፤ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ ደግሞ ቅርፊቱ ይሰባበራል፣ አልመንዱም ሳይቆረጥ ተነቅሎ ቦታውን ጎድጓዳ አድርጎት ይወጣል። ስለዚህ 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ በእጅ ለመያዝ ሲያስችል፣ ጥርስ ባለው የዳቦ ቢላ፣ ሳይጫኑ እንደ መጋዝ እየሳቡ፣ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል አድርጎ በሰያፍ መቁረጥ ያስፈልጋል። ሰዓቱ ከተያዘ የአልመንዱ ነጭ ገጽ ለሁለት ተከፍሎ ጥርት ብሎ ይታያል። ቢላው ላይ እርጥብ ሊጥ ከተጣበቀ ግን የመጀመሪያው ጋገራ አልበቃውምና ሙልሙሉን ለ5 ደቂቃ መመለስ ነው።

ሙልሙሉ ትሪው ላይ ከተነጠፈ ሊጡ ቀጥኗል። ለ250 ግራም ዱቄትና ለ150 ግራም ስኳር 2 መካከለኛ እንቁላል ይበቃል፤ እንቁላሉ ትልልቅ ከሆነ ሁለተኛውን መትቶ ጥቂት በጥቂት መጨመር ይሻላል። ሌላው ጥፋተኛ ቤኪንግ ፓውደር ነው። እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ጋዙ ከልክ በላይ ይለጠጣል፤ መጠኑን በግማሽ ቀንሶ መሞከር ይቻላል። በፕራቶው ባህላዊ አሠራር እንዲያውም ቅቤም ቤኪንግ ፓውደርም አይገባም።

በማግስቱ የሚለሰልሰው ሁለተኛው ጋገራ በኃይለኛ እሳት ሲሆን ነው፤ ውጪው ቶሎ ይቀላና እርጥበቱ ውስጥ ይቀራል። እሳቱን ወደ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ አውርዶ፣ መሃል ላይ እያገላበጡ 15 ደቂቃ ያህል ማድረቅ፣ ሲቀዘቅዝም ብቻ ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ ይገባል። የለሰለሰውም ቢሆን በዚሁ እሳት በ10 ደቂቃ ይመለሳል።

ጥርስ ፈተነኝ የሚል ቅሬታ ግን ሁልጊዜ ጉድለትን አያሳይም፤ ቶስካናዎች ቪን ሳንቶ በተባለው ጣፋጭ ወይናቸው ነክረው ነው የሚበሉት። ቡና ውስጥ ተነክሮም ካልራሰ ሊጡ እንደ ዳቦ ሊጥ ታሽቷል ማለት ነው፤ ዱቄቱ እንደተያያዘ እጅን ማንሣት ነበረበት።