መስከረም ሳይጠባ የሚመጣ በረዶ፦ በየዓመቱ የምንደጋግማቸው ስህተቶች

በ2020 ሴፕቴምበር 5 ቀን የዴንቨር ሙቀት 101 ፋራናይት ገብቶ ነበር፤ በሴልሺየስ 38 መሆኑ ነው። ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 7፣ ከተማው በካሜሮን ፒክ ሰደድ እሳት ጭስ ታፍኖ ሙቀቱ ከ90 በላይ ነበር። ማክሰኞ በረዶ ጣለ። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 3፣ የሩፋኤል ዕለት። አገር ቤት ልጆች በሩፋኤል ዝናብ ሲታጠቡ፣ ኮሎራዶ ያለነው ካፖርታችንን የት እንዳስቀመጥነው ጠፍቶን ሳጥን ስንገለብጥ ዋልን። እንቁጣጣሽ ገና ሦስት ቀን ይቀረው ነበር።

ያን ዕለት ከተማው ላይ የጣለው ቢለካ አንድ ኢንች ገደማ ነው፤ ብዙ ጉዳት ሳያደርስ አለፈ። ሁሌ ግን እንደዚያ አይማርም።

«ትንሽ ናት» ብሎ መናቅ

ቃላችን ራሱ ያሳስተናል። አገር ቤት በረዶ ማለት ቆርቆሮውን ደብድቦ በግማሽ ሰዓት የሚያባራ ነው። እዚህ በረዶ የምንለው ስኖው ግን ድምፅ የለውም፤ ሌሊቱን ሙሉ ዝም ብሎ ሲከመር ያድራል። ወቅቱን ሳይጠብቅ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ውሃ ያዘለ ነው፤ አካፋ ላይ ሲያነሡት እንደ ጭቃ ይከብዳል።

ዋናው ችግር ግን ዛፉ ላይ ነው። ጃንዋሪ ላይ በረዶ በባዶ ቅርንጫፍ መሀል ሾልኮ መሬት ይወርዳል። ቅጠሉ ሳይረግፍ ከመጣ እያንዳንዷ ቅጠል እንደ መዳፍ ትይዘዋለች፤ ቅርንጫፉ ይገነጠላል፤ ሲወድቅ ከሥሩ ያለውን የመብራት ገመድ ይዞ ይወርዳል። ኒውዮርክ ግዛት ያለችው ቡፋሎ በረዶ የማይበግራት ከተማ ናት። በ2006 ኦክቶበር 12 እና 13 ግን 22.6 ኢንች፣ ማለትም 57 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዶባት፣ ወደ 400,000 የሚጠጉ የመብራት ደንበኞች ጨለማ ውስጥ ገቡ። በ2011 ኦክቶበር ማብቂያ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የወረደውም ከ3 ሚሊዮን በላይ ደንበኞችን መብራት አሳጥቷል።

ስለዚህ ትንበያው በረዶ ካለ መኪናችሁን ከዛፍ ሥር አውጡ። ትንንሽ ዛፎችን በመጥረጊያ ከታች ወደ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አራግፉ፤ ከላይ ወደ ታች መምታት ቅርንጫፉን ይሰብረዋል። ትልቅ ዛፍ ሥር ወይም ገመድ አጠገብ ግን አትጠጉ። መሬት ላይ የወደቀ ገመድ ካያችሁ ቢያንስ 10 ሜትር ርቃችሁ ደውሉ። ዝም ያለ ገመድ የሞተ አይደለም።

ከሰል ቤት ውስጥ ማቀጣጠል

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የራሳችን ስህተት ነው። መብራት ጠፍቶ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ከመካከላችን አንድ ሰው «ከሰል አለ አይደል?» ማለቱ አይቀርም። አገር ቤት በከሰል ቡና ስናፈላ ኖረን የለ?

ኖረናል፤ ግን በሩ ክፍት ነበር፣ ጣሪያና ግድግዳው መሀልም ነፋስ ያስገባል። እንደዚያም ሆኖ ከሰል አስገብቶ በር ዘግቶ ተኝቶ የቀረ ቤተሰብ ወሬ ያልሰማ አበሻ የለም። እዚህ ያለው ቤት ደግሞ ብርድ እንዳይገባ ተብሎ የታሸገ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። «ጭሱ ወጥቶለታል፣ ፍም ሆኗል» የምንለው ከሰል ይህንኑ ጋዝ ያመነጫል፤ ዐይን ስለማያቃጥል ብቻ ደህና ይመስለናል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይጀምራል፤ ሰውየው ጉንፋን መስሎት ይተኛል።

ባርቤኪው መጥበሻም፣ ጄኔሬተርም ያው ነው። የጋራዡን በር ከፍቶ ውስጥ ማስነሣት መፍትሔ አይደለም፤ ጄኔሬተር ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር መራቅ አለበት። መኪና ውስጥ ለመሞቅ ሞተር የምታስነሡም መጀመሪያ የጭስ ማውጫውን ከበረዶ ጥረጉ። በባትሪ የሚሠራ የጋዝ ማስጠንቀቂያ ከሌላችሁ ዛሬውኑ ግዙ። ከጮኸ ውጡና ከውጭ ሆናችሁ 911 ደውሉ።

«የእኛ ማሞቂያ በጋዝ ነው» ብሎ መተማመን

እሳቱ በጋዝ ቢነድም ሙቀቱን ወደ ክፍሎቹ የሚያዳርሰው ማራገቢያ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። መብራት ሲጠፋ እሱም ይቆማል። ለሰመር ልጆቿን ልትጠይቅ በነጠላና በክፍት ጫማ የመጣች እናት ቤታችሁ ካለች፣ መብራት ያለው ዘመድ ቤት ቶሎ ይዛችኋት ሂዱ። እሷ «ደህና ነኝ ልጄ» ትላለች፤ አትስሟት። ማቀዝቀዣውን ደግሞ ሳያስፈልግ አትክፈቱ፤ ካልተከፈተ ምግቡ 4 ሰዓት ያህል ይቆያል፣ የሞላ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት።

ጎማውን ለኖቬምበር ማቆየት

ኡበር የምትነዱ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የሰመር ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መድረቅ ይጀምራል። ገና ያልቀዘቀዘ አስፋልት ላይ የወረደው በረዶ ቀን ይቀልጥና ማታ መስታወት ይሆናል፤ ድልድይ ከታችም ከላይም ብርድ ስለሚያገኘው ቀድሞ ይረጋል። የኮሎራዶ ሕግም ቢሆን በአይ-70 የተራራ መንገድ ላይ ለበረዶ የሚሆን ጎማ የሚጠይቀው ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ነው። ሕጉ ያወቀውን ነው እኛ የምንረሳው።

«ሃያ ዓመት ኖሬበታለሁ» ማለት

በ2013 ኦክቶበር መጀመሪያ በምዕራብ ደቡብ ዳኮታ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ከብቶች አለቁ። እነዚያ ከብቶች የጃንዋሪን ብርድ ችለው የሚያድሩ ናቸው። ያን ጊዜ ግን የዊንተር ጠጉራቸውን አላበቀሉም፤ ገና በሰመሩ ግልጥ ግጦሽ ላይ ነበሩ። መጀመሪያ ዝናቡ አራሳቸው፣ ከዚያ በረዶና ነፋሱ ተከተለ። በዚያ ላይ የፌዴራል መንግሥቱ በበጀት ጭቅጭቅ ተዘግቶ ስለነበር አርቢዎቹ ለእርዳታ የሚያመለክቱበት ቢሮ እንኳ ክፍት አልነበረም።

የሰው ገላም ያው ነው። ማርች ላይ ያለ ጃኬት የሚወጣ ሰው ሴፕቴምበር ላይ ይንቀጠቀጣል። ስድስት ወር አካፋ ሳይነካ የቆየ የአምሳ ዓመት ሰውም ያንን እርጥብ በረዶ በአንድ ትንፋሽ ልጥረገው ሲል ልቡን ያስጨንቀዋል። ዴንቨር ውስጥ የቤት ባለቤት የእግረኛ መንገዱን ለመጥረግ በረዶው ካቆመ በኋላ 24 ሰዓት አለው፤ ምን ያስቸኩላል? በትንሽ በትንሹ፣ እያረፋችሁ። የጎረቤት ጎረምሳም አለ፤ ሃያ ዶላር ስጡት።

አለፈ ብሎ መዘንጋት

የ2020ው በረዶ የካሜሮን ፒክን እሳት አበረደው እንጂ አላጠፋውም። ፀሐዩ ተመለሰ፣ እሳቱም ተነሣ፤ በኮሎራዶ ታሪክ ከታዩት ሁሉ ትልቁ ሆኖ ዲሴምበር ድረስ ዘለቀ። ግቢያችሁም እንዲሁ ነው፦ በረዶው በማግስቱ ይቀልጣል፣ የተሰነጠቀው ቅርንጫፍ ግን ላይ ተንጠልጥሎ ነፋስ ይጠብቃል። «ዛፍ እንቆርጣለን» ብሎ በር የሚያንኳኳ ሰው በብዛት የሚመጣውም በዚያው ሳምንት ነው፤ የኢንሹራንስ ወረቀቱን ሳያሳያችሁ፣ ሥራውንም ሳይጨርስ ገንዘብ አትስጡ።